መለኪያውን ማን ይለካው?

(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በአንድ አባል የቀረበ ንግግር)



የቆምኩት ሰብሳቢያችን «ስለ ሥራህ ትንሽ አጫውተን» ስላሉኝ ነው። ሥራዬ በሰሜን ባሕር ወለል ላይ የተዘረጉ የነዳጅ ቱቦዎችን በሌዘር መለካት ነው። ሁለት ቱቦዎችን የሚያገናኘው ቁራጭ የሚሠራው የብስ ላይ ነው። ልኬታችን ከተሳሳተ ባሕር ወርዶ አይገጥምም።

ብርሃን በአየር ውስጥ በሴኮንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ውሃ ውስጥ ግን ወደ 225 ሺህ ይወርዳል። አግድም ሲገባም ይታጠፋል። ልጆች ሆነን ወንዛችን ወገብ የሚደርስ መስሎን ገብተን ደረታችን ላይ የደረሰው በዚሁ ምክንያት ነው። 4 ሜትር ጥልቀት ከላይ ሲያዩት 3 ሜትር ይመስላል።

ስለዚህ መሣሪያውን ሳንፈትን አናምነውም። ርዝመቱ አስቀድሞ በጥንቃቄ የተለካ ዘንግና ውፍረቱ የታወቀ ኳስ ውሃ ገንዳ ውስጥ እናስቀምጣለን። ከቅርብም ከሩቅም ደጋግመን እንለካለን፤ ውሃውን ሆን ብለን አደፍርሰንም እንሞክራለን። ከዚያ ሌዘሩ ያለውን ከእውነተኛው ልክ ጋር እናስተያያለን።

አንድ ቀን ባሕር ላይ ሦስት ጊዜ ለክተን ሦስቱም አንድ ሆኑ። ደስ አለን። ርቀቱን አስቀድመን የምናውቀው ምልክት ግን አጋለጠን፤ በ4 ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር አብዝቶ ያነባል። ለካ መሣሪያውን ለገንዳው ጨው አልባ ውሃ እንዳስተካከልኩት ትቼው ኖሯል። ብርሃን በጨዋማ ውሃ ትንሽ ይዘገያል። ጥፋቱ የእኔ ነበር። መሣሪያም እንደ ሰው «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ይላል፤ አንድ ስህተት ሦስት ጊዜ ስለተደገመ እውነት አይሆንም።

ይህን ያነሳሁት ስለ መሸጋገሪያ ድልድያችን ነው። በየዓመቱ ፎቶግራፍ ይላክልናል፤ «ደህና ነው» እንባባላለን። ጎርፍ ግን የሚቦረቡረው የማይታየውን የምሰሶውን ሥር ነው። ለዚህ ሌዘር አያስፈልገንም። ምሰሶው ላይ የማይለቅ ምልክት እናድርግ። የሴንቲ ሜትር መስመር ያለበት ዘንግ በብረት ሜትር ይረጋገጥ። ከምልክቱ እስከ ወንዙ ወለል ያለውን ሁለት ሰዎች ለየብቻ፣ ሳይነጋገሩ ይለኩ። በሚያዝያ አንድ ጊዜ፣ ከክረምት በኋላ በጥቅምት ሌላ ጊዜ። ልዩነቱ ጎርፉ የወሰደውን ይነግረናል።

ዘንጉን እኔ እገዛለሁ። በዚያ ድልድይ ተሻግረው ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆቻችን ናቸው።