የዐቃቤ ሕግ ወንበር ባዶ ሲሆን



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በሠራተኛ አስተዳደር መዝገብ «ክፍት የሥራ ቦታ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚጻፍ ነው። ነገር ግን ያ መስመር በላይና በታች ጋይንት፣ በስማዳ ወይም በእስቴ የሚሠራን የወረዳ ዐቃቤ ሕግ የሚመለከት ሲሆን፣ ከበስተኋላው ፍርድ የሚጠባበቅ ሰው አለና በቸልታ ሊታለፍ አይገባውም።

በጥንቱ ልማዳችን የተበደለው ራሱ ከሳሽ ነበር፤ የሟችንም ደም የሚከስ ወገኑ ነበር። ከጣልያን ወረራ በኋላ በወጣው ሕግ መንግሥት ይህን ሸክም ተቀብሎ ለዐቃቤ ሕግ ሰጠው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓትም ዐቃቤ ሕጉ የፖሊስ ምርመራ መዝገብ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክሱን እንዲያዘጋጅ ደነገገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ተከሳሹ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ የመዳኘት መብት እንዳለው አረጋገጠ። እንግዲህ ሠራተኛው በሌለበት ይህን ቀን የሚቈጥረው ማን ነው?

ቦታውን ለመሙላት ሦስት መንገድ ይታያል። የመጀመሪያው የጎረቤት ወረዳ ዐቃቤ ሕግ ደርቦ እንዲሠራ ማዘዝ ነው፤ ለጥቂት ሳምንት ይጠቅማል፤ ሲረዝም ግን ሁለት ወረዳ ያጐድላል። ሁለተኛው ልምድ ያለውን ሰው ማዛወር ነው። ንፋስ መውጫ በወረታና በወልድያ አውራ ጎዳና ላይ ስለ ተቀመጠች ሰው አይከብዳትም ይሆናል፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ ለሚያዘቀዝቀው ለስማዳ ግን ቤትና የታወቀ የአገልግሎት ዘመን ካልተዘጋጀለት፣ የተመደበው ሰው ገና ሳይደርስ የመመለሻ ማመልከቻውን ይጽፋል። ሦስተኛው አዲስ የሕግ ምሩቅ አወዳድሮ፣ አሠልጥኖ መቅጠር ነው። የአገሩ ተወላጅ ቢሆን ሰዉንና ልማዱን ያውቃል፤ ነገር ግን የዘመድና የቂም ነገር ሲመጣ ከጉዳዩ ራሱን ማግለል ይኖርበታል። ስለዚህ ዕውቀትና ጠባይ ከትውልድ ቀዬ ይቅደሙ።

አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት የሰው ልብ የሚቈስለው በጠፋው ንብረት ብቻ አለመሆኑን ስለሚያውቁ ነው። በቅሎው የተሰረቀበት ባላገርም፣ በሐሰት ተጠርጥሮ የተያዘውም የሚጠብቁት አንድ ወንበር ነው።

ስለዚህ፣ የሠራተኛ ጉዳይ የምትይዙ ወገኖቼ፣ የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ስታዘጋጁ ሁለት ነገር ጨምራችሁ ለአለቃችሁ አቅርቡ፤ ይኸውም ቦታው ከመቼ ጀምሮ ባዶ እንደ ሆነና ስንት መዝገብ እንደ ተጠራቀመ ነው። አለቃውም ይህን ካነበበ በኋላ ለነገ ለማለት ይከብደዋል።