የቀደመውን ቤት ስለ ማደስ
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ዋዜማ የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የደብሩ አለቃ ስለ ደብራችን ታሪክ እንድናገር አዝዘውኝ ነበር። ነገር ግን ከእኔ የተሻሉት ሊቃውንት ታሪኩን በዚሁ መጽሐፍ ጽፈውታልና፣ እኔ በሁላችን ልብ ስለሚመላለሰው ነገር እናገራለሁ። ይኸውም በተሰበሰበው ገንዘብ ይህን አሮጌ ቤት እንዴት እናድሰው የሚለው ነው። ሣሩ ወርዶ ቆርቆሮ ይልበስ፣ የመቅደሱ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰን፣ ሥዕሉም በአዲስ ቀለም ይታደስ የሚል ምክር ቀርቧል። ምክሩ ከፍቅር የመጣ እንጂ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ይህን አስቀድሜ እመሰክራለሁ።

ከሠላሳ ዓመት በፊት በሌላ ደብር ሳገለግል እንዲህ ያለ ምክር ሲመከር እሺ ካሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከሥዕሉ በታች ያለው የግድግዳ ክፍል የጭቃ ምርጊቱ ተፍቆ በሲሚንቶ ተለሰነ። በመጀመሪያው ዓመት ቤቱ እንደ ሙሽራ አማረ፤ እኛም ተደሰትን። በሦስተኛው ክረምት ግን ከመሠረቱ የሚነሣው ርጥበት፣ ቀድሞ በጭቃው በኩል እየተነፈሰ ይደርቅ የነበረው፣ መውጫ ቢያጣ በሲሚንቶው ጀርባ ወደ ላይ ወጣ። ሥዕሉ በሸማ ላይ ተሥሎ ከግድግዳው የተለጠፈ ነበርና ሙጫው ለቀቀ፤ የእመቤታችንም ሥዕል ከጉልበቷ በታች ተልጦ ወደቀ። የወደቀውን ፍርፋሪ በአገልግል ሰብስበን በዕቃ ቤት አኖርነው። ዛሬም በዚያው አለ። በቅኔ ቤት ሰሙ ይቀልጣል ወርቁ ይቀራል ብለን ተምረናል፤ በዚያ ግድግዳ ግን ሰሙ ሲሄድ ወርቁም አብሮት ሄደ።

ይህ የእኛ የመንደር ሰዎች ስሕተት ብቻ አይደለም። ኢጣልያኖች አገራችንን በያዙበት ዘመን የጐንደር የነገሥታት ግንቦች በሲሚንቶና በብረት ቤቶን ተጠግነው ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ዓመታት በዩኔስኮ ርዳታ በተደረገው ሥራ ያ የማይስማማ ጥገና እየተነሣ በኖራ ተተካ። ግንቦቹ ከመጀመሪያው በኖራ የተያያዙ ነበሩና። ኖራ እንደ ጭቃ ርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል።

አሁን ወደ ገዛ አገራችን እንመለስ። የድጓ ተማሪ ለመመስከር የሚሄድባት ቤተ ልሔም ያለችው በዚሁ በጋይንት ነው። ከውጭ ለሚያያት እንደ ብዙዎቹ የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ክብ ናት። ወደ ውስጥ ለሚገባ ግን ሌላ ቤት ይቈየዋል፤ ይኸውም ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ፣ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ክቡን ቤት በዘመን እጅግ የሚቀድም ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ የውጭ አገር ሰው በ1948 ዓ.ም. ገደማ አይቶ በመጽሐፍ ስለ ጻፈላት፣ ያን ጊዜ ተገኘች ይላሉ። የድጓ ተማሪዎች ከዚያ በፊት ስንት ዘመን በውስጧ ቆመው ሲዘምሩ ኖረዋልና፣ ተገኘች መባሉ ፈገግ ያሰኛል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የእነዚያ የክቡ ቤት ሠሪዎች አሳብ ነው። ዘመኑ ክብ ቤትን ይወድ ነበር። አሮጌውን አፍርሰው በድንጋዩና በእንጨቱ አዲሱን ሊሠሩ ይችሉ ነበር፤ ድካሙም በቀነሰላቸው ነበር። እነርሱ ግን የቀደመውን ቤት በመካከል እንዳለ ትተው፣ አዲሱን እንደ ካባ ደረቡለት። ከዚያ ወዲያ ዝናቡም ፀሐዩም ነፋሱም የሚመታው ካባውን ሆነ። ካባው ሲያረጅ ይለወጣል፤ የተሸፈነው ግን በቦታው ይኖራል። በትግራይም የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን በ1940 ዓ.ም. በታደሰ ጊዜ፣ ሥራውን የመራው እንግሊዛዊው ማቴውስ አዲስ መልክ አላወጣለትም፤ የጥንቱን የድንጋይና የእንጨት አሠራር ተከተለ።

ስለ ክዳኑ ከወንድሞቼ ጋር ብዙ አልከራከርም። ሣር በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ ሣር ይታጨድበት የነበረው መስክ ታርሷል፤ እሳትም ያሰጋል። ቆርቆሮ ይሁን ከተባለ ይሁን። ነገር ግን እኛ በቤተ ልሔም ድጓ፣ በዙር አባ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት አገር ሰዎች ነን። በፍልሰታ ሌሊት ዝናቡ በባዶ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መሪጌታው የሚመራውን ተቀባዩ አይሰማውም፤ ይህን በብዙ ቦታ አይቻለሁ። ስለዚህ የቀድሞው ወራጅና ማገር ሳይነቀል ቆርቆሮው ከበላዩ ይሁን፤ በመካከሉ ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ይተው። ጠርዙም እንደ ሣሩ ክዳን ከግድግዳው ርቆ ይውጣ፤ አጭር ከሆነ ጠፈጠፉ መሠረቱን ይበላዋል። ጉልላቱም ከነሰጐን ዕንቍላሉ ወደ ቦታው ይመለስ።

በሥዕሉ ነገር ግን እከራከራለሁ። ጢስ ያጠቈረው ሥዕል ጠቍሮ ይቈይ እንጂ በሳሙናና በውኃ አይታጠብ፤ በላዩም አዲስ ቀለም አይቀባ። ነገ የተማረ ባለሙያ ቢመጣ ጥላሸቱን ሊያነሣው ይችላል፤ ከታጠበ በኋላ ግን ምን ያነሣል? በምዕራቡ ግድግዳ ምስማር ተመትቶ በሥዕሉ ላይ የተሰቀለው የወረቀት ሥዕልም፣ የሰቀለው ሰው አይቀየመኝና፣ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር ደግ ነው። ደግሞም ይህ ሁሉ በእኛ ፈቃድ ብቻ የሚሠራ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 209፣ ቅርስ ከመታደሱ አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠየቅ ያዝዛል። ማመልከቻው ሥራው ሳይጀመር ይጻፍ።

ንጉሡ ኢዮአስ የእግዚአብሔርን ቤት ባሳደሰ ጊዜ፣ ክዳኑ የተነደለ ሣጥን በመሠዊያው አጠገብ ተቀምጦ ገንዘቡ በዚያ ይገባ ነበር። ገንዘቡም የፈረሰውን ለሚጠግኑት ለጠራቢዎችና ለግንበኞች ይሰጥ ነበር፤ የታመኑም ነበሩና ሒሳብ አልተጠየቁም። የእኛ ኮሚቴም የታመነ ነው፤ ሒሳቡን ቢያሳየን ግን አንጠላም።

የሣር ክዳንን ሥራ ጠንቅቀው የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ በመንደራችን ቀርተዋል። ከበዓሉ ማግስት ጧት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሰሜን በኩል የረገበውን ጠርዝ እንዲያዩልን ለምኛቸው እሺ ብለውኛል። ዐይናቸው ደክሟልና መሰላሉን የሚይዙ ሁለት ብርቱ ዲያቆናት ያስፈልጉናል።