የሰባት መቶ ሺህ ዓመት የሕፃን ዱካ
(በወጣቶች መድረካችን ላይ ያቀረብኩት ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)

 

በጥያቄ ልጀምር። «የሰው ዘር መገኛ ነን» ብሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ። የለም አይደል? ፕሮፋይላችን ላይ እንለጥፋለን፣ ኮሜንት ላይ ስንሟገት ድንቅነሽን እንጠራለን። እሺ፣ አሁን ደግሞ በሰው እጅ የተጠረበን ድንጋይ ከተራ ድንጋይ መለየት የሚችል እጁን ያውጣ። (ሁለት እጅ ነው የወጣው። አንዱ የኔ ነበር።)

እኔም በልጅነቴ አልችልም ነበር። «ሐዳር፣ እ.ኤ.አ. 1974፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት» ብዬ ሸምድጄ ፈተና ላይ ጽፌ ማርኬን ወሰድኩ። ት/ቤታችን አንድ ጊዜ መልካ ቁንጥሬ ወስዶናል። አውቶቡስ ውስጥ ስንጨፍር ደረስን፣ «አትንኩ፣ ቶሎ ቶሎ» ተባልን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ወደ ጢያ ጉዞ! ከዚያ ቀን የማስታውሰው ምሳዬን ነው።

ምን ላይ ቆሜ እንደነበር የገባኝ ከተመረቅኩ በኋላ ነው፤ ሥራ ፈት ሲሆን ሰው ያነባል መቼም። መልካ ቁንጥሬ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዋሽ ዳር። እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጋርባ በሚባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1981 የአንድ ሕፃን መንጋጋ ተገኝቷል፤ ዕድሜው 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ጎምቦሬ በሚባለው ደግሞ 700,000 ዓመት ያስቆጠረ የእግር ዱካ አለ። የአዋቂ ብቻ አይደለም፤ ገና መሄድ የጀመሩ ሕፃናት ዱካም አለበት። እዚያው ጭቃ ላይ የጉማሬ ዱካ፣ እዚያው አዋቂዎቹ ድንጋይ የጠረቡበትና ጉማሬ ያረዱበት ቦታ። አያችሁ? ሕፃናቱን ማንም «አትንኩ፣ ቶሎ ቶሎ» ብሎ ከሥራው ቦታ አላባረራቸውም።

የኛን ልጆች ግን አራት ግድግዳ ውስጥ አስቀምጠን ቁጥር እናስሸመድዳቸዋለን።

ባለፈው ክረምት ከጓደኞቼ ጋር የሰፈር ልጆች ሰብስበን ሞከርነው። በጀት አልነበረንም። ሜዳ ላይ 32 ሜትር ገመድ ዘረጋን፤ 1 ሜትር 100,000 ዓመት ነው አልናቸው። ድንቅነሽ ጫፉ ላይ ቆመች። 26 ሜትር ላይ የጎና የድንጋይ መሣሪያዎች፣ 20 ላይ የጋርባው ሕፃን፣ 7 ላይ የጎምቦሬ ዱካ። የሄርቶ ሰው፣ 160,000 ዓመቱ፣ እኛ አጠገብ ሊደርስ ምንም አልቀረው። አንዷ ልጅ «አክሱምስ የት ነው?» አለች። የአክሱም ሐውልቶች 1,700 ዓመት ገደማ ናቸው፤ ስናሰላው ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች! የምንኮራበት የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ በሙሉ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ አለቀ። እዚህ ፔጅ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምንሰዳደብበት ጉዳይ ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው ያለው። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ልጆቹ ግን ሳቁ።

ቀጥሎ ጭቃ አቡክተን በባዶ እግራቸው አስኬድናቸው። የሰው እግር ርዝመት የቁመቱ 15 በመቶ ገደማ ነው። ዱካው 21 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ባለቤቱ 140 አካባቢ ነው ማለት ነው። የማን ዱካ እንደሆነ ሳያዩ እየለኩ ባለቤቱን አወጡት። በሒሳብ «አልችልም» የሚለው ልጅ ነበር ቀድሞ ያገኘው።

ድንጋዩ ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ባልጩት ሲሰበር ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው (የባልጪት ስም ራሱ ከዚሁ ድንጋይ የመጣ ነው)። የሚጠርበው አዋቂ ይሁን፤ መነጽርና ጓንት ያድርግ፣ ልጆቹ ራቅ ብለው ይዩ፣ እነሱ በሳሙና ቅርጹን ይሞክሩ። ከዚያ በስባሪው አንድ ቁራጭ ቆዳ ቁረጡላቸው። «ቢላዋ ነው እንዴ!» ይሏችኋል። ምልክቱንም ያኔ አሳዩዋቸው፦ ምቱ ካረፈበት ነጥብ ሥር ትንሽ እብጠት አለች፣ ከእሷ ተነስቶ ኩሬ ውስጥ ጠጠር እንደወረወሩበት ውኃ የሚሰፋ መስመር ይታያል። መጀመሪያ የጠየቅኳችሁ ጥያቄ መልሱ ይኼ ነው።

ይህን ሁሉ ሰፈር ውስጥ እንጂ ቅርሱ ቦታ ላይ እንዳታደርጉት! የዛሬ ስባሪ ከጥንቱ ጋር ከተቀላቀለ ተመራማሪው ይሳሳታል። ያለፈቃድ መቆፈርም ሆነ አንስቶ መሄድ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። መልካ ቁንጥሬ ስትሄዱ ልጆቹ ዓይንና ደብተር ይዘው ይሂዱ። ሰፈር የለመዱትን እብጠትና መስመር በጎምቦሬው ክፍት ሙዚየም በሜዳው ላይ እንደተገኘ ከተተወው ድንጋይ ላይ ይፈልጉ፣ ይሳሉት። ለዚህ ሃያ ደቂቃ አይበቃም፤ ግማሽ ቀን ስጧቸው።

አንድ የሚያሳፍረን ነገር ልጨምር። በኮንሶ 1.75 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው የእጅ መጥረቢያዎች ተገኝተዋል፤ በዚያ እንኮራለን። እዚያው ኮንሶ ውስጥ በእኛ ዘመን ድንጋይ ጠርበው ቆዳ የሚፍቁ እናቶች አሉ። ከዓለም በጥቂት ቦታ ብቻ የቀረ ሙያ ነው። እኛ ግን «ፋቂ» የሚለውን ቃል ስድብ አድርገነዋል። የሞተውን ጠራቢ ፕሮፋይል ላይ ሰቅለን፣ በሕይወት ያለችውን እንንቃታለን። ይህን ለልጆቹ የምትነግሯቸው ድንጋዩን በእጃቸው ከያዙ በኋላ ይሁን፤ ያኔ ነው የሚገባቸው።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ስንቱ ዲግሪ ይዞ ቤት ነው ያለው? ታሪክ፣ ጂኦሎጂ፣ ባዮሎጂ፣ መምህርነት የተማራችሁ አላችሁ። ደመወዝ አገኛችኋለሁ አልልም፤ እኔም አላገኘሁ። ግን ቅዳሜ ጠዋት አለን።

የመጪው ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ እንገናኝ። የሚመጡት 30 ያህል ልጆች ናቸው፤ የወላጆቻቸውን ፈቃድ በጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ። ሲባጎ፣ ሜትር፣ አሮጌ ወንፊትና የቀለም ብሩሽ ያለው ያምጣ። የበግ አጥንት በአሸዋ ሣጥን ውስጥ ቀብረን ልናስቆፍራቸው ነው፤ አጥንቱን ቀቅሎ ማጽዳት የሚችል ሰው ኮሜንት ላይ ይጻፍልኝ። አሸዋውን እኔ አመጣለሁ።