ብስክሌቱን ማከም
(በቀድሞ ተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ከሥራሽ የተማርሽውን አንድ ነገር ንገሪን» ሲለኝ፣ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት እንደማወራ የጠበቀ ይኖራል። እኔ የማወራው ስለ ብስክሌት ነው። ጎንደር ላይ ቆሞ ስለ ብስክሌት ማውራት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። ከአዘዞ እስከ ፒያሳ በብስክሌት የወጣ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካለ እጁን ያውጣ እስቲ... አየሁ፣ የለም። እኔ ግን ከተመረቅሁ ጀምሮ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ተማሪውም፣ አናጢውም፣ የቢሮ ሠራተኛውም በብስክሌት ይሄዳል።

ነገሩ የሆነው ከ7 ዓመት በፊት ነው። ከዳቦ ቤት ወደ ሱቆች ዳቦ የሚያደርስ አንድ ወጣት የግራ ጭኑ አጥንት ተሰብሮ፣ ብረት ገብቶለት፣ ለክትትል እኔ ዘንድ ይመላለስ ነበር። አጥንቱ በደንብ ገጥሟል፤ ራጁ ያምራል። ጉልበቱ ግን ከ95 ዲግሪ በላይ አልታጠፍ አለ። «ብስክሌት መንዳት እችላለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ። ካርዱ ላይ እየጻፍኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «ብስክሌቱን ተወው፤ ሌላ ሥራ ፈልግ» አልኩት። ያን ቀን ወረፋው ብዙ ነበር። ምክንያት ግን አይሆነኝም።

ከስምንት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። የግራ ጭኑ ሰልሎ ከቀኙ ጋር ሲተያይ የሌላ ሰው እግር ይመስላል። ሌላ ሥራ አላገኘም። ለብስክሌቱ ገዢ እንደመጣለት ነገረኝና፣ «ዶክተር፣ ከመሸጤ በፊት ምናልባት ሐሳብዎን ከቀየሩ ብዬ ነው» አለኝ። የጭኑ ጡንቻ እንዲመለስ ከሚያስፈልጉት እንቅስቃሴዎች አንዱ ፔዳል መምታት ነው። የከለከልኩት እኔ ነኝ።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንየው። ተራ ብስክሌት ለመንዳት ጉልበት ወደ 110 ዲግሪ ገደማ መታጠፍ አለበት። ይህ ግን ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። ፔዳሉን የሚይዘው ክንድ ብዙውን ጊዜ 17 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ የመጣ ነው። ክንዱ ካጠረ እግር ወደ ላይ የሚወጣው ያንሳል፤ ጉልበትም ያን ያህል መታጠፍ አይጠበቅበትም። ልጁን ይዤ ብየዳና ቶርኖ ወደሚሠሩ አንድ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ዘንድ ሄድኩ። ችግሩን ሳስረዳቸው «ታዲያ ይቺ ምን አላት? ቀዳዳውን ማስጠጋት ነው» አሉ። ፔዳሉ የሚገባበትን ቀዳዳ በግራ በኩል ብቻ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አመጡት። ኮርቻውንም ትንሽ ከፍ አደረግነው።

በሦስተኛው ቀን ፔዳሉ መንገድ ላይ ወደቀ። ለካስ የግራ ፔዳል ቡሎን የሚጠብቀው ከቀኙ በተቃራኒ ነው! ጋሼ ይህን ያውቁ ኖሮ፣ እሳቸው በሌሉበት ረዳታቸው በተለመደው መፍቻ ጥርሱን አውጥቶ የቀኝ ፔዳል ገጥሞበታል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ ልጁ በመታው ቁጥር ራሱን እየፈታ ይሄዳል። እኛ ግራና ቀኝ ለይቶ ማወቅ የኛ ሙያ ብቻ ይመስለናል።

ሁለተኛው ችግር ደግሞ ከኩራት የመጣ ነው። የማይታጠፍ እግር ከኋላ በተጫነ ዳቦ ላይ ዞሮ አያልፍም። ስለዚህ የላይኛውን የፍሬም ብረት ዝቅ ማድረግ አስፈለገ። ልጁ «የሴት ብስክሌትማ አልነዳም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ላግባባው ስሞክር ጋሼ ጣልቃ ገቡና «ዳቦውን የሚገዙህ እነማን ናቸው?» አሉት። ሳቀ፤ ተቆረጠለት። ጭነቱንም ከኋላ ከመቆለል ይልቅ በጎማው ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው በሚንጠለጠሉ ሁለት ሣጥኖች ከፈሉት። ክብደት ወደ መሬት ሲቀርብ ብስክሌት መዋለሉ ይቀንሳል። የኋላውን ጥርስ ከ18 ወደ 22 ቀየሩለት፤ የፊቱ 44 ነው። አንድ ዙር ሲመታ የሚሄደው ርቀት ከ5 ሜትር ተኩል ወደ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ወረደ። ዝግ ይላል፣ ግን አያደክምም። ጉልበቱ ዛሬም ያው 95 ነው። ዳቦው ግን ይደርሳል።

ከዚያ ወዲህ በሽተኛን «በምንድን ነው የምትመላለሰው?» ብዬ ሳልጠይቅ አላሰናብትም። የጉልበቱ ፊት የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ያለ ነው። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚደነዝዙት፣ መሪው ላይ ተደፍቶ የአልናር ነርቩን ስለሚጫነው ሊሆን ይችላል። ኤምአርአይ ከማዘዜ በፊት ወደ ግቢ ወጥቼ ብስክሌቱን አየዋለሁ። ዘበኞቹ መጀመሪያ ላይ ልገዛ መስሏቸው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ተራው የኔ ሆነ፤ ዲስክ። ጋሼ ዘንድ ሄጄ፣ ወንበር ላይ ጋደም ተብሎ እግር ወደ ፊት ተዘርግቶ የሚነዳውን ዓይነት ብስክሌት ሥዕል አሳየኋቸው። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 ፍራንሲስ ፎር የተባለ ፈረንሳዊ ሻርል ሞሼ በሠራው እንዲህ ያለ ብስክሌት በአንድ ሰዓት ከ45 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዶ የዘመኑን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በዓመቱ ዓለም አቀፉ ማኅበር ከውድድር አገደው። እጅና አንገት ያርፋሉ፣ ነፋሱም ያንሳል። ጋሼ ሥዕሉን አይተው «ባጃጁ አያይሽም» አሉኝ። ልክ ናቸው። ፔዳሉ ላይ ቆሞ መውጣት ስለማይቻል ዳገትም ያስቸግራል። ስለዚህ መሐል ላይ ተስማማን። ፍሬሙ ረዘመ፣ ፔዳሉ ወደ ፊት ሄደ፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ገባ፣ ቁመቴ ግን ከባጃጅ ሹፌሩ ዓይን እንዳያንስ ሆነ። ለጀርባ ሕመም ሁሉ መድኃኒት ነው አልላችሁም፤ አንዳንዱን ጀርባ ያብሰዋል። ለኔ ሆነልኝ። ደግሞ አደራ፣ እንዲህ ዓይነት ሥራ በብረት ፍሬም ነው፤ አሉሚኒየም ተቆርጦ ሲበየድ ይዳከማል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። እዚህ ግቢ ፊዚዮቴራፒ አለ፣ ምህንድስናም አለ። ሁለቱ በአንድ በሽተኛ ጉዳይ ሲገናኙ ግን አላየሁም። ጋሼ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ የሚተካቸው ተማሪ የላቸውም፤ ረዳታቸውም ባጃጅ ገዝቶ ሄዷል። በዓመት ሁለት ተማሪ ለአንድ ወር ብትልኩ እሳቸው እሺ ብለዋል፤ ጠይቄያቸዋለሁ። ማረፊያቸውን እኔ እችላለሁ።

ብስክሌቴን በፒካፕ ጭኜ አምጥቻታለሁ፤ ከአዳራሹ በር በስተቀኝ ቆማለች። እስከ ምሳ ድረስ መሞከር ትችላላችሁ። ቁልቁለቱን ግን አደራችሁን፤ የዛሬ ተረኛ ሐኪም እኔ አይደለሁም።