ጓያ፣ ሽንኩርትና የሰውነት መከላከያ



«አንቲኦክሲዳንት» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው እንክብሎች ዛሬ ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ አይጠፉም። እርጅናን ያዘገያሉ፣ ካንሰርን ያርቃሉ፣ ነርቭ ይጠግናሉ ይባልላቸዋል። ይህን አባባል ለመመርመር የፎገራ ሜዳ ተገቢ ቦታ ነው፤ ስለ ሰውነት መከላከያ ከተገኙት ማስረጃዎች አንዱ የተገኘው እዚህ ሜዳ ላይ ከሚበቅል ሰብል ጋር ተያይዞ ነውና።

ሰብሉ ጓያ ነው፤ ለእናንተ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም። ሩዙ ሊታጨድ ሲቃረብ በማሳው ቀሪ እርጥበት ላይ ይዘራል፤ ውኃ ቢተኛበትም፣ ዝናብ ቢጠፋም ይችላል። ችግሩም ከዚሁ ደግነቱ ይመጣል። ሌላው እህል ባለቀበት ዓመት ለሁለትና ሦስት ወር ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሮቹ ሊተሳሰሩ ይችላሉ። ሽባነቱ ከመጣ ወዲያ አይመለስም። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ያሳተሙት ጥናት በደምቢያና በፎገራ ይህ በሽታ ምን ያህል ተስፋፍቶ እንደነበር አሳይቷል። ይበልጥ የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው፤ እርፍ የሚጨብጡትን።

ጓያ ውስጥ ኦዳፕ የተባለ መርዝ አለ። ኦዳፕ የነርቭ ሕዋሳትን ከልክ በላይ ያነቃቃል፤ ሕዋሱ ጉልበት የሚያገኝበትን ሚቶኮንድሪያም ያውካል። ጤነኛ ሕዋስ እንኳ ምግብን በኦክስጅን ሲያቃጥል፣ የሚነድ ምድጃ ፍንጣሪ እንደሚረጨው ሁሉ፣ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቁጡ ቅንጣቶችን ያመነጫል። እንዲህ ባለ መታወክ ምርታቸው ከመከላከያው አቅም ሲበልጥ የሕዋሱ ስብ፣ ፕሮቲንና ዲኤንኤ ይጎዳል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ይህ ነው።

አንቲኦክሲዳንት የሚባለውን ይህን መከላከያ በአብዛኛው ሰውነት ራሱ ይሠራዋል። ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ፍሪ ራዲካልን የሚያከሽፍ ኤንዛይም በሰውነት ውስጥ መኖሩን ገለጡ። ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው ግን ግሉታታዮን የተባለው መከላከያ ነው። ሕዋሱ ግሉታታዮንን ከሦስት አሚኖ አሲዶች ይሠራዋል፤ ከሦስቱ ለማግኘት የሚያስቸግረው ድኝ ያለበት ሲስቲን ነው። ጓያ ደግሞ ድኝ ባላቸው አሚኖ አሲዶች ድሃ ነው። ስለዚህ ጓያ ብቻ የሚበላ ሰው መርዙን እየተቀበለ፣ መርዙን የሚመክትበትን ጥሬ ዕቃ ያጣል። ጤፍ፣ ማሽላ፣ ሩዝ ሲጨመርበት ይህ ጉድለት ይቃለላል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ጥናት ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁን ከቤልጂግ ባልደረቦቻቸው ጋር ጓያ ሽባ ያደረጋቸውንና በሽታው ያልነካቸውን ሰዎች የአመጋገብ ታሪክ አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ጓያን ቆልቶ፣ ቀቅሎ ወይም እሸቱን በጥሬው መብላት የሽባነትን ዕድል ጨምሯል። በእንጀራ፣ በቂጣና በወጥ መልክ መብላት ግን አልጨመረም። ምግቡን እንደ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያሉ አንቲኦክሲዳንት ያላቸው ቅመሞች ከገቡበት ወጥ ጋር የበሉ ሰዎች ደግሞ የመታመም ዕድላቸው በአራት እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ውጤት ስናነብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሽንኩርት የሚገዛ ቤት ሌላም ነገር የሚገዛ ቤት ነው፤ ጥበቃው ከሽንኩርቱ ብቻ መጣ ለማለት እንዲህ ያለው ጥናት ብቻውን አይበቃም። የወጡን ጥቅም አይቶ «እንግዲያው እንክብሉን ልዋጥ» ማለት ደግሞ ከዚህም የራቀ ዝላይ ነው። ያ ዝላይ በሌላው ዓለም ተሞክሯል። በፊንላንድ 29,133 ሲጋራ አጫሽ ወንዶች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት በእንክብል ከወሰዱት መካከል በሳንባ ካንሰር የተያዙት ካልወሰዱት 18 በመቶ በልጠው ተገኙ። በአሜሪካ 18,314 ሰዎችን የያዘው ተመሳሳይ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1996 ጉዳቱ ስለታየ ከጊዜው በፊት ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 የ68 ሙከራዎች ውጤት አንድ ላይ ሲመረመር፣ በጥንቃቄ በተካሄዱት ሙከራዎች ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ኤና ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ሰዎች ሞት ቀንሶ አልተገኘም፤ እንዲያውም በመጠኑ ጨምሯል።

ከምክንያቶቹ አንዱ ፍሪ ራዲካል ጠላት ብቻ አለመሆኑ ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ጀርም ለመግደል ይጠቀሙበታል። ጡንቻም በሥራ ሲደክም ከእርሱ በሚያገኘው ምልክት ራሱን ያጠነክራል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጀርመን ተካሂዶ በታተመ ጥናት፣ ስፖርት እየሠሩ በየቀኑ 1,000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር የወሰዱ ወጣቶች ስፖርቱ ለስኳር አጠቃቀማቸው ሊሰጥ የሚገባውን ጥቅም አጥተዋል። ወጥ ውስጥ ያለ ሽንኩርት ይህን ያህል መጠን በአንድ ጊዜ አያፈስም።

ይህን የምለው ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን እንድትተዉ አይደለም፤ እንዲህ ተብሎ እንዳይተረጎምብኝ አደራ እላለሁ። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ፣ ለተቅማጥ ከኦአርኤስ ጋር የሚታዘዘው ዚንክ፣ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው አይረንና ፎሊክ አሲድ እውነተኛ ጉድለት የሚሞሉ ናቸው። የምቃወመው ጉድለት የሌለበትን ሰው «ይጠብቅሃል» ብሎ መሸጥን ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ እግሩ የተሳሰረ ወጣት «ነርቭህን ይፈታልሃል» ተብሎ ያለችውን ብር ለእንክብል ሲያወጣ ነው። የጓያን ሽባነት የሚፈታ እንክብል የለም። ያለው መከላከል ነው፤ ጓያውን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት፣ ከእህል ጋር ቀላቅሎ ማስፈጨት፣ ልጆችን ከጥሬ እሸቱ መጠበቅ።

የፎገራ ሽንኩርት በመኪና ተጭኖ ወደ ሩቅ ገበያ ይሄዳል። በክፉ ዓመት ግን ጓያ ብቻ የቀረው ቤት ሽንኩርት መግዣም አይኖረውም፤ ስለ ቅመም ብንመክረው አንረዳውም። እርሱን የሚያድነው እህል ነው፤ ያም የሚሆነው ጓያ ብቻ መበላት በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት ከደረሰለት ነው። የትኛው ቤት ወደዚያ እንደገባ ቀድማ የምታየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። እርሷ ያየችው ነገር ሳይውል ሳያድር የእርዳታ እህል ለሚያከፋፍለው ክፍል የሚደርስበት አሠራር በወረዳው እንዲዘረጋ እጠይቃለሁ።