የኮንሶ ሞራና ደን
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ባለፈው የክርክር ምሽት አንድ ጓደኛችን የአባቶች ቅርስ ሁሉ ተሰብስቦ በሙዚየም ይቀመጥ፣ ቦታው ግን ለልማት ይዋል ብሎ ሲናገር አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ካጨበጨቡት መካከል እኛም ነበርን። ዛሬ የቆምነው ያንን ጭብጨባ መልሰን ለመውሰድ ነው። ምክንያታችንንም ከኮንሶ እንጀምራለን፤ በዕረፍታችን ጊዜ አራት ሆነን ሄደን ያየነው እሱን ነውና።

ኮንሶ በአገራችን ደቡብ የሚገኝ፣ ዝናም የሚያጥረው ተራራማ አገር ነው። ሕዝቡ ተዳፋቱን በድንጋይ ካብ እየከለለ ያርሳል፤ ካቡ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. አገሩን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ባህሉ 21 ትውልድ፣ ማለትም ከ400 ዓመት በላይ የኖረ መሆኑን ጠቅሷል። ይህንስ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ የእርከኑንም ፎቶግራፍ አይታችኋል።

እኛ ልንናገርለት የፈለግነው ስለ ሞራው ነው። ሞራ በግንብ በታጠረው መንደር ውስጥ የሚገኝ አደባባይ ነው፤ አንዳንዱ መንደር እስከ 17 ሞራ አለው። ጠብ የሚበርደው፣ መሐላ የሚፈጸመው፣ ወጣቱ የሚጨፍረው በዚያ ነው። ላጤዎቹ በሞራው ቤት ያድራሉ፤ ሌሊት እሳት ቢነሣ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው። በአደባባዩም ዳጋ ሄላ የሚባል ረጅም ድንጋይ ቆሟል፤ ትውልድ ለትውልድ ኃላፊነቱን ሲያስረክብ በሥርዓት ተፈልጦና ተጓጉዞ የሚተከል ነው። ከዚህም ሌላ የትውልድ ግንድ አለ፤ በአንዳንድ መንደር በየ18 ዓመቱ አንድ ይጨመራል። ስለዚህ የመንደሩን ዕድሜ ማወቅ የሚሻ ልጅ ቆጥሮ ይደርስበታል። (እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ስንቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳስተን አንድ ትንሽ ልጅ አረመን።)

እዚያው ሞራ እንደ ደረስን ሳንጠይቅ ስልካችንን አውጥተን ፎቶግራፍ ማንሣት ጀምረን ነበር። አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጡን፤ እስክንረጋ ድረስም አንድ ቃል አልተናገሩንም። ቁጣ ቢሆን ይሻለን ነበር።

ከመንደሩ ውጭ ደግሞ የተከለለ ደን አለ፤ ካላ፣ ባማሌና ኩፋ የሚባሉት የታወቁ ናቸው። ፖቃላ የሚባለው የጎሳ አባት ሲያርፍ የሚቀበረው በዚህ ደን ነው። ለበሽተኛ የሚሆነው ቅጠልና ሥርም ከዚያው ይለቀማል። በደኑ ውስጥ ወይም በአቅራቢያው ሕዝቡ በጋራ ቆፍሮ የሚጠብቀው፣ ሃርዳ የሚባል የውሃ ማቆሪያ ይገኛል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መቃብሩ፣ መድኃኒቱና ውሃው ጎረቤታሞች ናቸው። መቃብሩን የፈራ ሰው ዛፉን አይነካም፤ ዛፉ ከቆመ መድኃኒቱ ይገኛል። ጓደኛችን «ለልማት ይዋል» ያለው ቦታ እንግዲህ ይህን የመሰለውን ነው።

በመቃብሩ ላይ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበ ዋካ ይቆማል። ጀግናው በመካከል፣ ሚስቶቹ በአጠገቡ፣ የገደለው ጠላት ወይም አውሬም ከጎኑ ይቀረጻል። ፀሐይና ዝናም እየመታው ዓመታት ያልፋሉ። የውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዋጋ ሲሰጡት ግን ሌባ ከመቃብሩ ይነቅለው ጀመር። ከተሰረቁት ውስጥ የተያዙት ዛሬ በካራት ከተማ በሚገኘው የኮንሶ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሙዚየሙን አንወቅስም፤ እሱ ባይኖር በባዕድ ሳሎን ጌጥ ሆነው ይቀሩ ነበር። ይሁን እንጂ ስናያቸው ደስታ አልተሰማንም። ደኑ ውስጥ የቆመው ዋካ የእገሌ አባት ነው፤ ልጁ በአጠገቡ ሲያልፍ ያውቀዋል። በቤት ውስጥ የተደረደረው ግን ለጎብኚ የቆመ እንጨት መሰለን።

«ታዲያ ተመልሶ ይሰረቅ?» እንባል ይሆናል። ከባድ ጥያቄ ነው፤ ሙሉ መልስ አለን ብለን አንዋሽም። የምንለው ይህ ነው፦ ሙዚየሙ የአደራ ቤት እንጂ የመጨረሻ ማረፊያ አይሁን፤ ዋካው ይመለስ ወይም ይቆይ የሚለውን የሟቹ ዘመዶች ይወስኑ፤ ጠራቢዎቹም ሥራቸውን እንዳይረሱ ለአዲስ መቃብር አዲስ ዋካ ይጠረብ።

ከሌባው ሌላ ጥፋተኛ አለ፤ እሱም የተማረው ልጅ ነው፣ እኛን ጨምሮ። ለትምህርት ወደ ከተማ የሄደ ወጣት በሞራ አያድርም። ቢስማርክ ጀርመንን ያስተባበረበትን ዓመት ያውቃል፤ የአባቱ ትውልድ የተከለውን ድንጋይ ግን አያውቅም። ትምህርት ቤት ይዘጋ ማለታችን አይደለም፤ እኛም የቆምነው በእሱ ነው። ነገር ግን የአካባቢው የታሪክ ትምህርት በሳምንት አንድ ቀን በሞራው ቢሰጥ፣ ሽማግሌውም እንደ መምህር ደመወዝ ቢቈረጥላቸው ማንን ይጎዳል? በ2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዐ ምድር ከተከበሩ ደኖቹ ጋር ስለ ተመዘገበ ይኸው ጥያቄ እዚያም ይነሣል።

ማኅበራችን ለሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ደቡብ ጉዞ እያዘጋጀ ነው። ስማቸውን ያስመዘገቡ ጓደኞቻችን ከመነሣታቸው በፊት እኛን ያነጋግሩን፤ መጀመሪያ ማንን ማስፈቀድ እንደሚገባና የት መቀመጥ እንደሚፈቀድ እንነግራቸዋለን። ያ ጓደኛችንም በአዳራሹ ውስጥ ስላለ መልሱን ለመስማት ዝግጁ ነን።