የጥቃቅን ቃላት ቅንጅት በዕለታዊ እንግሊዝኛ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ በዕለት ተዕለት እንግሊዝኛ ውስጥ ተውሳከ ግሥ፣ መስተጻምር፣ ግሥና ተውላጠ ስም እንዴት እንደሚቀናጁ የሚመለከት ነው። ርእሱ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል። ተውላጠ ስም በስም ፈንታ የሚገባ፣ ተውሳከ ግሥ ግሥን የሚያብራራ፣ መስተጻምርም ሐሳብን ከሐሳብ የሚያያይዝ መሆኑን ተማሪዎቻችን ሳይሳሳቱ ይነግሩናል። ችግሩ የሚመጣው እነዚህ ቃላት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ሲሰለፉ ነው።

ነገሩ ከሰዋስው ፈተና ያለፈ ክብደት አለው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንግሊዝኛ እንዲሆን መደንገጉ ይታወሳል። ዛሬም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ባዮሎጂውንም ሆነ ታሪኩን የሚያነበው በዚሁ ቋንቋ ነው። እንግዲህ «ብረት እርጥበት ካላገኘው በስተቀር አይዝግም» የሚል ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ቀርቦለት «አንለስ» የምትለውን መስተጻምር እንደ «ኢፍ» አድርጎ የሚረዳ ልጅ «ብረት እርጥበት ካገኘው አይዝግም» ብሎ ይወጣል። ይህ ልጅ ሳይንስ አልከበደውም፤ ያሳሳተችው አንዲት ትንሽ ቃል ናት።

ለመሆኑ የችግሩ ሥር የት ነው? አማርኛ እነዚህን የንግግር ክፍሎች በአብዛኛው የሚያስተባብረው በግሡ በራሱ ላይ ነው። «ስላልነገርኳቸው» የሚለውን ቃል ለአብነት እንውሰድ። «ስለ» ምክንያትን፣ «አል» አሉታን፣ «ነገር» ድርጊቱን፣ «ኩ» ተናጋሪውን፣ «አቸው» ደግሞ ያልተነገራቸውን ሰዎች ያመለክታል። እንግሊዝኛ ይህንኑ «ቢኮዝ አይ ዲድ ኖት ቴል ዜም» ብሎ በስድስት ቃላት ያሰልፈዋል። በእኛ ቋንቋ ዝምድናው የሚታወቀው በቅጥያ ሲሆን በእነርሱ የሚታወቀው ቃሉ በቆመበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ተማሪያችን በእንግሊዝኛ የቃላትን ቦታ ሲያዛባ በአማርኛ ቅጥያውን ገንጥሎ የጣለ ያህል ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የግሥና የተውሳከ ግሥ ቅንጅት ነው። «ጊቭ» መስጠት፣ «አፕ» ወደ ላይ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው «ጊቭ አፕ» ተስፋ ቆርጦ መተው መሆኑን ከሁለቱ ቃላት ደምሮ ሊደርስበት አይችልም። «ፑት ኦፍ» የሚለውም ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ የውጭ አገር ሰዎችን እጅግ የሚያስቸግረው ይኸው የቃላት ጥምረት መሆኑን አመልክቶ ነበር። ችግሩ እንግዲህ የእኛ ተማሪዎች ብቻ አይደለም።

ነገር ግን እኛ ለማስረዳት የሚመች ሀብት በእጃችን አለ። በአማርኛ «ዝም አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ቁጭ አለ» እንላለን። በእነዚህ ውስጥ «አለ» የሚለው ግሥ «ተናገረ» የሚለውን ፍች ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ባለ ቋንቋ የለም፤ ሁለቱን ቃላት እንደ አንድ ይወስዳቸዋል። ተማሪው በቤቱ ሲጠቀምበት ያደገውን ይህን ጥምረት መነሻ አድርገን ብናስተምረው የእንግሊዝኛው ባዕድነት ይቀንስለታል።

ወደ ተውላጠ ስም ስንመጣ ቦታው ራሱ ሕግ ይሆናል። «ፒክ አፕ ዘ ቡክ» ወይም «ፒክ ዘ ቡክ አፕ» ማለት ይቻላል። በመጽሐፉ ፈንታ ተውላጠ ስም ሲገባ ግን «ፒክ ኢት አፕ» እንጂ «ፒክ አፕ ኢት» አይባልም። ምክንያቱም እንግሊዝኛ የንግግሩን መጨረሻ የሚሰጠው በአጽንዖት ለሚነገረው ቃል ነው፤ «ኢት» አስቀድሞ የታወቀን ነገር የምታስታውስ ቀላል ቃል ስለሆነች በመካከል ትቀመጣለች። «ሉክ አፍተር ኢት» በሚለው ግን «አፍተር» መስተዋድድ ነውና ተውላጠ ስሙ ተከትሎት ይመጣል።

ተማሪዎቻችን ከሚሠሯቸው ስሕተቶች ብዙዎቹ የአማርኛን ሥርዐት በታማኝነት ከመከተል የሚመጡ ናቸው። «የገዛሁት መጽሐፍ» ስንል በመጨረሻ ያለችው «ት» መጽሐፉን ታመለክታለች። ተማሪው ይህችን ፊደል ላለመጣል ሲል «ዘ ቡክ ዊች አይ ቦት ኢት» ብሎ ይጽፋል። በእንግሊዝኛ «ዊች» የተባለችው ቃል ራስዋ የመጽሐፉን ቦታ ስለያዘች «ኢት» ትርፍ ናት። እንደዚሁም «ምንም እንኳ ቢዘንብም ነገር ግን መጣ» ማለት በአማርኛ ጆሮን አይቆረቁርም፤ በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞ» በተባለበት ዐረፍተ ነገር «በት» አይደገምም። ይህን ዐይነቱን ስሕተት በቀይ ቀለም ሰርዞ ማለፍ አይበቃም፤ ከየት እንደመጣ ለተማሪው ማሳየት ይገባል።

የአክብሮት ነገርም በዚሁ ውስጥ ይጠቃለላል። እኛ «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «እርስዎ» እያልን በተውላጠ ስምና በግሡ መድረሻ እናከብራለን። እንግሊዝኛም ቀድሞ ለአንድ ሰው «ዛው» የሚል ተውላጠ ስም ነበረው፤ ይህ ቃል ከ17ኛው መቶ ዓመት ወዲህ ከተለመደው ንግግር እየወጣ ሄዶ ዛሬ ለትንሹም ለትልቁም የሚነገረው «ዩ» ብቻ ነው። በዚህም የተነሣ አክብሮቱ ወደ ግሡ ተዛውሯል፤ «ጊቭ ሚ» በማለት ፈንታ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ» ይባላል። «ኩድ» በቅርጹ ኃላፊ ጊዜ ቢሆንም እዚህ ላይ የሚያመለክተው ትሕትናን ነው። ይህን ያልተማረ ጨዋ ልጅ «ይስጡኝ» ያለ እየመሰለው አዛዥ ሆኖ ይሰማል።

ስለ ንግግር ድምፅም ጥቂት ልጨምር። «ሺ ኢዝ» እና «ሺ ሃዝ» በፍጥነት ሲነገሩ ሁለቱም «ሺዝ» ይሆናሉ፤ የሚለያቸው ተከትሎ የሚመጣው የግሥ ቅርጽ ነው። እኛም «ማን ነው» የሚለውን «ማነው» እንላለን። ተማሪው ቃላቱን ነጣጥሎ ብቻ ከሰማቸው ግን በንግግር ተጣምረው ሲመጡ አያውቃቸውም።

ክቡራን ባልደረቦቼ፤ ከዚህ ሁሉ በመነሣት ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ አዲስ ግሥ ስናስተምር ከተውሳከ ግሡና ከተውላጠ ስሙ ጋር በሙሉ ዐረፍተ ነገር እናስጠናው። ሁለተኛ፣ አማርኛን ወይም ሌላውን የተማሪውን አፍ መፍቻ ቋንቋ ከክፍላችን አናባርር፤ በጎን አስቀምጠን እናነጻጽርበት። ሦስተኛ፣ ሌላ የትምህርት ዐይነት ከሚያስተምሩ ባልደረቦቻችን ጋር ተመካክረን በመጻሕፍቶቻቸው የሚደጋገሙትን መስተጻምሮች አስቀድመን እናስተምር። የፊዚክስ መምህሩ ስለ «አንለስ» ለማስረዳት ጊዜ የለውም፤ ይህ የእኛ ድርሻ ነው።